ክሩ ይበቃል

ጥቁሩ ክር ከሌሎቹ ሁለቱ ያጥር ነበር። ቀዩ የሙሽራዋ የብሮንዊን አያት ከፈተለችው ሱፍ የተረፈ ነው፤ አረንጓዴው ከሱቅ የተገዛ። ጥቁሩ ግን ማተብ ነበር፤ ለዓመታት አንድ ሰው አንገት ላይ ኖሮ ላብ የጠጣ፣ ከመሐሉ የሳሳ ማተብ። ማስተዋል ያንን አንገት ታውቀዋለች። ሦስቱን ክሮች ከመስኮቱ እጀታ ጋር አስራ ስትጎነጉን፣ ጥቁሩ ከዳር እስከ ዳር ስለማይደርስ ከመሐል ብቻ፣ ቋጠሮው በሚያርፍበት ቦታ ላይ አስገባችው። አሁን ሥራው አልቋል። ጫፎቹን በመቀስ አስተካከለችና ጉንጉኑን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማኅደሮች ነበሩ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ። በሁለቱም ውስጥ ያለው የዛሬው ጋብቻ ሥርዓት ጽሑፍ ነው። የገጹ ብዛትም፣ የፊደሉ መጠንም፣ ሙሽሮቹ የሚዞሩበት አቅጣጫም አንድ ነው። የሚለያዩት በአንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

በዚህ አገር፣ በአውስትራሊያ፣ ሙሽሮች በእሳት ዙሪያ ቢዞሩ፣ መጥረጊያ ቢዘሉ፣ ነፋስንና ምድርን ምስክር ቢጠሩ ማንም አይከለክላቸውም። ሕጉ የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፦ ፈቃድ ያላት አጋቢ፣ ሁለት ምስክሮች፣ ከአንድ ወር በፊት የገባ ማስታወቂያ፣ ከዚያም ከሁለቱ ሙሽሮች አፍ የምትወጣ አንዲት ዓረፍተ ነገር። «እዚህ ያላችሁ ሁሉ ምስክር ሁኑልኝ፤ እኔ እገሌ እገሊትን ሕጋዊ ሚስቴ አድርጌ እቀበላለሁ።» እሷ ካልተባለች የተቀረው ሁሉ፣ አበባውም እንባውም፣ ጨዋታ ነው። በጥቁሩ ማኅደር ውስጥ ዓረፍተ ነገሯ አለች። በሰማያዊው ውስጥ የለችም። በቦታዋ ማስተዋል ስለ ውኃና ስለ እሳት ሦስት መስመር ጽፋለች፤ እንዲያውም ከተነሣችው ይልቅ የሚያምሩት እነሱ ናቸው።

ሰማያዊውን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጥቁሩን እዚያው ተወችው።

ሰዎች ለምን ይህን ሥራ እንደመረጠች ሲጠይቋት «ሠርግ ስለምወድ» ትላለች። ሠርግ አትወድም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ካርልተን ውስጥ አረጋውያን ትጦራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ታጋባለች፤ ሦስት ዓመት ሆናት። የምትወደው ወረቀቱን ነው። ሙሽሮቹ አቀርቅረው ሲፈርሙ ብዕሩ ወረቀቱን ሲጭር የሚያሰማው ድምፅ ደስ ይላታል፤ አንዳንድ ቅዳሜ ያንን ድምፅ ለመስማት ብቻ የምትሄድ ይመስላታል።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ ዲር ፓርክ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ ሁለት መቶ ሰው በልቶ ጠጥቶ እሷና አምኃ ተሞሽረው ነበር። ከዚያ በፊት ሦስት ሽማግሌዎች አክስቷ ሳሎን ተቀምጠው በወጉ ጠየቁ፣ በወጉ ተፈቀደላቸው። ሲጨርሱ ማስተዋል ከጓዳ ብቅ ብላ «ወረቀቱስ መቼ ነው?» አለች። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አምኃ አልሳቀም። ከሸሚዙ ሥር ጥቁሩን ክር አውጥቶ በሁለት ጣቶቹ ያዘና «ይኸው ማተቤ። ክሩ ይበቃል፤ ወረቀቱ ይደርሳል» አለ። የሽማግሌዎቹ ተናጋሪ ጋሼ ወልዴ «እሰይ! ከዚህ ወዲያ ምን ቃል አለ!» ብለው አጨበጨቡ። እውነቱን ለመናገር እሷም ደስ ብሏት ነበር። በማተቡ የማለን ሰው፣ በሽማግሌ ፊት፣ ወረቀት አምጣ ብሎ መጨቅጨቅ ነውር መሰላት።

የጋብቻ ማስታወቂያው ቅጽ ሁለት ዓመት ተኩል ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ኖረ። የእሷ ፊርማ አለበት፤ የእሱ ቦታ ባዶ ነው። እሑድ እሑድ «ፈርም እንጂ» ትለዋለች። «እፈርማለሁ፣ የት እሄድብሻለሁ?» ይላታል። አንድ ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ የልብሱ ቁም ሣጥን ባዶውን አገኘችው። ስልክ ደውሎ «አልቻልኩም» አለና ዘጋ። እሷም የምታውቀውን አደረገች፤ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበች። አምኃም ተጠርቶ መጣ። ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ፣ ወደ እሷ እንኳ ሳይዞር፣ «የምን ፍቺ ነው የምታወሩት? ወረቀት አላት?» አለ። ጋሼ ወልዴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት። «እንግዲህ ልጄ፣ ወረቀት ከሌለ በምን እንይዘዋለን?» አሉ። ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ።

ያን ቀን ያልጮኸችው ጩኸት እስካሁን ደረቷ ውስጥ ነው።

ብሮንዊን የመጣችው በነሐሴ መጨረሻ ነበር። የትራም ነጂ ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ክርስትና ከመምጣቱ በፊት የነበረውን የቅድመ አያቶቿን እምነት የምትከተል ሴት። ፔጋን ነኝ ትላለች ሳታፍር። የምትፈልገው ሃንድፋስቲንግ ነው፤ የሙሽሮቹ እጅ በተጎነጎነ ክር የሚታሰርበት ሥርዓት። ማስተዋልን በኢንተርኔት አገኘቻት፤ እዚያ ላይ የሥራ ስሟ «ማስ» ነው። ካርልተን አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጠው ሰሜን የቱ ነው፣ ሻማው የት ይቁም፣ መጥረጊያውን ማን ያምጣ ሲባባሉ አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀባቸው። እጮኛዋ የሚሠራበት መጋዘን የቅዳሜ ሺፍት ስለማይለቀው አልመጣም፤ ቅጹን ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እንደሚፈርም ነገረቻት።

«ክሩ ብቻ ለምን አይበቃሽም?» አለቻት ማስተዋል፤ ይህን ለሁሉም ትጠይቃለች።

ብሮንዊን ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እናቴና አባቴ በክር ብቻ ነበር የታሰሩት። ሃያ ስድስት ዓመት። አባቴ ሲሞት የሞቱ የምስክር ወረቀት ላይ ባለቤት በሚለው ቦታ ምንም አልተጻፈም። እናቴ ያንን ባዶ ቦታ አሁንም ታወጣና ታየዋለች። እኔ ሁለቱንም ነው የምፈልገው።»

ማስተዋል ወደደቻት። ከሦስት ቀን በኋላ የተፈረመው ቅጽ በኢሜይል ደረሰ። የሙሽራው ስም በሚለው መስመር ላይ አምኃ የሚል ተጽፎ፣ ከሥሩ የአባቱ ስም፣ ከሥሩ የእናቱ ስም፤ በአንድ ወቅት አማቴ ትላት የነበረች ሴት። ፊርማው ትልቅና ግልጽ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል የጠበቀችውን ፊርማ ያየችው እንዲህ ነው።

ይህን ሥራ አልይዝም ማለት ትችል ነበር፤ ማለትም ይገባት ነበር። አላለችም። ሰማያዊውን ማኅደር ጻፈች። እንዲዘል፣ እንዲዞር፣ እንዲታሰር፣ ፎቶ እንዲነሣ ትተወዋለች፤ ከዚያ ያገባ መስሎት ይኖራል። አንድ ቀን፣ ዓመት ይሁን አሥር ዓመት፣ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ አንድ ሰው ቀና ብሎ «ወረቀት አለህ?» ይለዋል። ብሮንዊንን አላሰበቻትም ማለት አይደለም። አሰበቻት፤ ካሰበቻት በኋላም ጻፈችው።

ኖርዝ ሜልቦርን ካለው ፎቋ እስከ ሮያል ፓርክ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ጥቅምት እያለቀ ነበር፤ ሣሩ ጉልበት ድረስ አድጓል፤ ጎጆ የሠሩት ማግፓይ የሚባሉት ወፎች በብስክሌተኞች ራስ ላይ እያንዣበቡ ቁም ስቅላቸውን ያሳያሉ። ማስተዋል ቦርሳዋን በራሷ ላይ ይዛ አለፈች። ሣር ከታጨደበት ክብ ሜዳ ላይ አርባ የሚሆን ሰው ቆሟል፤ ከበሮ የታጠቀ አለ፣ ቅጠል የደፋ አለ፣ ሱፍ ልብስ የለበሰም አለ። ብሮንዊን አረንጓዴ ቀሚሷን ሰብስባ ይዛ የሻማውን ሳህን በሰሜን በኩል ታስቀምጣለች። በዚህ የዓለም ክፍል ፀሐይ በሰሜን ስለምታልፍ የእሳት ቦታው እዚያ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ በተጻፈው መጽሐፍ እንዳትሳሳት ማስተዋል ራሷ ነበረች ያሳሰበቻት።

ከክቡ ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ ሽማግሌ ቆመዋል። ጋሼ ወልዴ ናቸው። አርጅተዋል። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«ማስተዋል! አንቺም ተጠራሽ? ይህ ልጅ የመናፈሻ ሠርግ ነው ብሎኝ እኮ ነው። እዚያ ጋ መጥረጊያ ይዘው አየሁ፤ ሊጠርጉት ነው እንዴ?»

«ይዘሉታል ጋሼ።»

«ይዘሉታል!» አሉና አማተቡ። «እኔ ምስክር ሁን ተብዬ ነው የመጣሁት። አንቺስ በማን በኩል ነሽ?»

«በማንም በኩል አይደለሁም። አጋቢዋ እኔ ነኝ።»

ጋሼ ወልዴ ባርኔጣቸውን ማዞር ጀመሩ፤ ያን ቀን እንዳደረጉት። ማስተዋል እጃቸውን ስታይ አሮጌው ቁጣ ተመለሰባት።

«ያኔ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኛም ሳናጠፋ አልቀረንም፣ ልጄ።»

«አጥፍታችኋል» አለች። «ዛሬ የሚባለውን በደንብ ይስሙ ጋሼ። ከዚያ ይፈርማሉ።»

ከመንገዱ ዳር ነጭ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ከሥርዓቱ በፊት ሙሽሮቹ ለጋብቻቸው እንቅፋት እንደሌለ እሷ ፊት የሚፈርሙት መግለጫ አለ፤ በየተራ ነው የምታስገባቸው። ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች፤ እያንዳንዱ በፈቃዱ መምጣቱን ለብቻው ትጠይቃለች። ብሮንዊን ገባች፣ ሳቀች፣ ፈረመች፣ ግንባሯን ስማት ወጣች። የሳመችው ቦታ ለረጅም ጊዜ ሞቃት ሆኖ ቆየ። ማስተዋል በመሐረብ ጠረገችው።

አምኃ መጋረጃውን ገልጦ ገባና ቆመ። ግራጫ ሱፍ ለብሷል። አንገቱ ባዶ ነው፤ ማተቡን ለጉንጉኑ ብሎ በብሮንዊን እጅ ልኮታል።

«አንቺ ነሽ?»

«ቁጭ በል።»

«ብሮን ማስ፣ ማስ ስትለኝ እኮ... ፈረንጅ መስለሽኝ ነበር።»

«ቁጭ በል አልኩህ።»

ተቀመጠ። ይህችን ደቂቃ ሁለት ወር ሙሉ ስታበስላት ነው የከረመችው። ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችና በጣቷ አንድ መስመር አሳየችው። «አንብብልኝ።»

«ማስተዋል...»

«ሥራዬ ነው። ጮክ ብለህ አንብብ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ከዚህ በፊት በሕግ የጸና ጋብቻ ፈጽሜ አላውቅም» ብሎ አነበበ።

«ትክክል ነው?»

ውጭ አንድ ሰው ከበሮውን ሞከረ፤ ሁለት ጊዜ መታና ተወው።

«ትክክል ነው» አለ አምኃ። ቀና ብሎ አላያትም።

ይህን ስትሰማ ደስ ይለኛል ብላ አስባ ነበር። ደስ አላት፤ ግን ያሰበችውን ያህል አልነበረም። ብዕር ሰጠችው። አልተቀበላትም። ወደ መጋረጃው ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ። በእግዚአብሔር፣ የበደልኩሽን ሌላ ቀን ትቆጥሪልኛለሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ። ወረቀቱ ዛሬ ይቅር። ማለቴ፣ ፕሮግራሙ ካንስል ይሁን አላልኩም። ክሩን እሰሪው፣ ሁሉንም እናድርግ። ያችን የሕግ ነገር ብቻ ዝለያት። ብሮን በቃሏ አታውቃትም፤ ብትዘልያት አይገባትም። ወረቀቱን በኋላ ቀስ ብለን እናደርሰዋለን። ለጊዜው ክሩ ይበቃል።»

ማስተዋል ቦርሳዋን አየች። ሰማያዊው ማኅደር ግማሽ ፊቱን አውጥቷል። ለበቀል ብላ የጻፈችውን፣ ቃል በቃል፣ ሰውየው ውለታ አድርጎ እየለመናት ነው። ሳቅ መጣባት። ሳቁ እንዳይወጣ ከንፈሯን ነከሰች።

«ለምን?» አለች።

«እንጃ። እፈራለሁ።»

«ምንን?»

«ወረቀት ላይ ስሜ ሲጻፍ በሩ ከውጭ የተቆለፈብኝ ይመስለኛል። ፖሊስ ጣቢያ የፈረምኩ ዕለት ማመልከቻ ብቻ ነው እያልኩ ነው የፈረምኩት። ዛሬ ግን...» እጆቹን ጭኑ ላይ አሻሸ። «ካንቺም ጋ ጠልቼሽ አልነበረም። ፈርቼ ነው።»

አራት ዓመት ተኩል ሙሉ በልቧ ያሳደገችው ጠላት ትልቅ ሰው ነበር። ሐሳብ ያለው፣ ያቀደ፣ እሷን አስቦ የናቃት ሰው። ፊቷ የተቀመጠው ግን የሱፉ ትከሻ የሰፋበት፣ ላብ ያጠመቀው ፈሪ ነው። የተናደደችው ያኔ ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ እንዲህ አልተናደደችም። ለዚህ ነው እንዴ? ለዚህ ነው አክስቴ ከሰው ፊት የተሸማቀቀችው? ለዚህ ነው እኔ ማቀዝቀዣ በር ፊት ቆሜ ያለቀስኩት? ከክፋት ቢሆን ይሻላት ነበር።

«አልዘልም» አለችው።

«ማስተዋል፣ እባክሽ...»

«ሙሽራ በግድ አላጋባም፤ ሕጉም አይፈቅድልኝም። ካልፈለግክ በሩ ያውልህ። ወጥተህ ግን ለራሷ ትነግራታለህ፤ በስልክ አይደለም። እናቷ እዚያ ናት። ጋሼ ወልዴም አሉ። እመሐል ክቡ ላይ ቆመህ፣ ክሩን እንጂ ወረቀቱን አልፈልግም በላት። ወይም ፈርም።»

«ልትበቀዪኝ ነው።»

«አዎ» አለች።

አምኃ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ ፈረመ። ሲወጣ መጋረጃው እግሩ ላይ ተጠመጠመበት፤ ሁለት ጊዜ ረግጦ አላቀቀው።

ከበሮው በአምስት ሰዓት ተመታ። አርባው ሰው ክብ ሠርቶ ቆመ። ምሥራቅ ተጠራ፣ ሰሜን ተጠራ፣ ምዕራብ ተጠራ፣ ደቡብ ተጠራ፤ በእያንዳንዱ ጥሪ ጋሼ ወልዴ ያማትባሉ። የብሮንዊን እናት፣ ነጭ ፀጉሯን የተጎነጎነች ቀጭን ሴት፣ ዳቦና ጨው ይዛ ዞረች። በክቡ መሐል ትንሽ ጠረጴዛ አለች፤ ሦስት የጋብቻ ምስክር ወረቀቶች ነፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ተጭኖባቸዋል። ብሮንዊን የምትፈልገው እንደታሰሩ መፈረም ነው። ስለዚህ የሚታሰረው ግራ ለግራ ነው፤ ቀኝ እጃቸው ለብዕሩ ነፃ እንዲሆን።

ማስተዋል ጉንጉኑን በሁለቱ እጆች ላይ አሳለፈች። አላጠበቀችውም። ጫፎቹን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ሰማያዊውን ማኅደር ከፈተች። ስለ ውኃና ስለ እሳት የጻፈቻቸው ሦስት መስመሮች እዚያው ናቸው። አየቻቸውና ማኅደሩን ዘግታ ሣሩ ላይ ጣለችው። ሰዉ የሥርዓቱ አካል መሰለው።

«እኔ ጋብቻን በሕግ መሠረት ለማስፈጸም ሥልጣን የተሰጠኝ ነኝ» አለች በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብላ። በቃሏ ነው፤ መቶ ጊዜ ብላዋለች። «በአውስትራሊያ ሕግ ጋብቻ ማለት ሁለት ሰዎች፣ ሌላውን ሁሉ ትተው፣ በፈቃዳቸው፣ ለዕድሜ ልክ የሚገቡበት አንድነት ነው።» በፈቃዳቸው የሚለው ላይ ቆም አለች። ለዕድሜ ልክ የሚለው ላይ አምኃን አየችው።

ብሮንዊን ቀደመች። ዓረፍተ ነገሯን እየደገመች ስትል ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ እንደ ልማዷ በራሷ ሳቀችና ጨረሰቻት። እናቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«አሁን አንተ» አለች ማስተዋል። «ከእኔ በኋላ በል። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ምስክር ሁኑልኝ።»

አምኃ ዝም አለ።

ከዛፉ ላይ ማግፓዩ ጮኸ። አንድ ሰው ትንሽ ሳቀ፤ ሙሽራው ስሜት አሸንፎት ነው ብሎ ይሆናል። ዝምታው ረዘመ። ብሮንዊን ፊቱን ታየዋለች፤ ፈገግታዋ ገና አልሄደም፣ ግን ከዓይኗ በኩል መሄድ ጀምሯል። ማስተዋል ያንን ታውቀዋለች። አክስቷ ሳሎን ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ ሻይ ሲጠጡ፣ የራሷ ፊት እንዲያ ሆኖ ነበር። የክሩ ጫፎች እጇ ውስጥ ናቸው። አልቸኮለችም። ይሄ ነው ስትመኘው የኖረችው፤ በሰው ፊት፣ ጋሼ ወልዴ እያዩት፣ የሚሄድበት አጥቶ ሲቆም ማየት። ይጣላት፣ አለች በልቧ፤ ደግሞ ወዲያው፣ አይጣላት። የትኛውን እንደምትፈልግ አላወቀችም።

«እዚህ ያላችሁ ሁሉ» አለ አምኃ።

ድምፁ ቀጭን ነበር። ሳል ነገር አደረገና እንደገና ጀመረ።

«እዚህ ያላችሁ ሁሉ ምስክር ሁኑልኝ፤ እኔ አምኃ፣ አንቺን ብሮንዊንን፣ ሕጋዊ ሚስቴ አድርጌ እቀበላለሁ።»

ማስተዋል ቃሉን አላቀበለችውም፤ ራሱ ነው የጨረሳት። ፊቱን ፈተሸችው። ፍርሃቱ እዚያው ነበር። ግን ከፍርሃቱ ጋር ተናግሮታል፤ ያየውም ብሮንዊንን እንጂ እሷን አይደለም። ሊደረግ ይችል ኖሯል ማለት ነው። እየፈሩም ይደረግ ኖሯል። ለእሷ ብቻ ነው ያልተደረገው።

የክሩን ጫፎች ሳበች።

ብሮንዊን «አይ!» ብላ እጇን ሰብሰብ አደረገች። ቋጠሮው የጠበቀው ከልክ በላይ ነበር፤ ቀዩ ሱፍ የብሮንዊን የእጅ አንጓ ሥጋ ውስጥ ሰጥሟል። የአምኃን እጅ የሱፉ እጅጌ ስለሸፈነው ምንም አልነካውም። ማስተዋል «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ቋጠሮውን አላላችው።  ብሮንዊን በነፃ እጇ ትከሻዋን ነካ አደረገቻትና «ምንም አይደለም፣ ጥሩ ቋጠሮ ነው» አለቻት። ጥቁሩ ክር ከመሐል ወጥቶ ይታያል።

ሰዉ አጨበጨበ፣ ከበሮው ተመታ። ሁለቱ እንደታሰሩ ወደ ጠረጴዛዋ ሄዱ። ብሮንዊን ሦስቱንም ወረቀቶች በፍጥነት ፈረመች። አምኃ ቀስ ብሎ ፈረመ፣ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ብዕሩ ወረቀቱን ሲጭር ማስተዋል ሰማችው። የብሮንዊን እናት ስትፈርም ባዶ ቦታ እንዳይቀር መስመሩን ሁሉ በጣቷ ተከተለች። ጋሼ ወልዴ መነጽራቸውን አውጥተው፣ በአማርኛ ፊደል፣ ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። ብዕሩን ለማስተዋል ሲሰጡ ዓይኗን ለማየት አልደፈሩም።

የቀረው እሷ ናት። ጋብቻው በቃላቸው ጸንቷል፤ ይህን ማንም አያፈርሰውም፤ እሷም ብትሆን። ፊርማዋ ለመዝገቡ ነው። ጎንበስ አለች።

የጋብቻ ምስክር ወረቀት። ከላይ አምኃ፣ የአባቱ ስም፣ ፊርማው። ከሥሩ፣ የአጋቢዋ ፊርማ በሚለው መስመር ላይ፣ ባዶ ቦታ፤ ከጎኑ በታይፕ የተጻፈ የእሷ ሙሉ ስም። ወረቀቱን ራሷ ናት ያዘጋጀችው። ሲታተም አይታዋለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው መጥታለች፣ ግን እስካሁን ድረስ ልብ አላለችውም ነበር። ስሙና ስሟ በአንድ የጋብቻ ወረቀት ላይ ናቸው። በሕግ የጸና፣ ማኅተም ያለው፣ ማንም ሽማግሌ በምን እንይዘዋለን የማይልበት ወረቀት።

የሣሩ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። ከኋላዋ ሰዎች መጥረጊያውን መሬት ላይ እያጋደሙ ይሳሳቃሉ። ብሮንዊን የቀላውን የእጅ አንጓዋን ሳታሻሸው፣ እጇ ከባሏ እጅ ጋር እንደታሰረ፣ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች።

«ፈርሚ እንጂ» አላት አምኃ፣ በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሲለምናት ይሁን ሲያዛት ከድምፁ አልለየችም።

የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ነክቶ አንዲት ጥቁር ነጥብ አሳረፈ። እጇ እዚያው ላይ ቆሟል።